ጠበቃን በገድል መጻፍ

ጆ ንጉሤን የምታውቁት ከሆነ መጀመሪያ ያወቃችሁት በፎቶ ነው። ጥቁር ሱፍ፣ ክራቫት፣ ከኋላው የአሜሪካ ባንዲራ፣ ከፎቶው በላይ ደግሞ «ሐበሻው የኮንግረስ አባል» የሚል ርዕስ። ከርዕሱ ሥር ያለውን ጽሑፍ ሳታነቡትም ታውቁታላችሁ። ወላጆቹ በስደት አሜሪካ ገቡ፣ ልጁ ከትንሽነቱ ጀምሮ ብሩህ ነበር፣ ሕግ ተማረ፣ ጠበቃ ሆነ፣ ከዚያ «ታሪክ ሠራ»። መጨረሻው ላይ «ኩራታችን» ይመጣል፣ ቀጥሎም «ሼር በማድረግ ለወዳጅዎ ያድርሱ»።

ይሄን ዓይነቱን ጽሑፍ ባገኘሁት ቁጥር እያስቀመጥኩ ኖሬያለሁ። ሥራ መፍታት ልትሉት ትችላላችሁ። ግን አንድ የጽሑፍ ዓይነት በየሳምንቱ እየተጻፈ፣ በብዙ ሺህ ሰው እየተነበበ፣ ማንም እንደ ጽሑፍ ሳያየው ሲቀር ያሳስበኛል። ስለ ልብ ወለድና ስለ ግጥም ሒስ እንጽፋለን፤ ትልቁ ሕዝብ የሚያነበው ግን እኮ ይሄ ነው። ስለዚህ እንደ ጽሑፍ ላየው ነው። ቅርጹ ከየት መጣ? ምን ያሳያል? ምን ይደብቃል?

ቅርጹ አዲስ አይደለም። ገድል ነው። ገድል ለሚያውቅ ሰው አካሄዱ ግልጽ ነው፤ ደጋግ ወላጆች ይቀድማሉ፣ ልደቱ በምልክት ይታጀባል፣ ሕፃኑ ገና ሳያድግ ማንነቱ ይገለጣል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በተወለዱ በሦስተኛው ቀን ሥላሴን አመሰገኑ ይባላል። ከዚያ ፈተና፣ ተአምር፣ በመጨረሻም ቃል ኪዳን፤ ገድሉን የጻፈ፣ ያጻፈ፣ ያነበበ፣ የተረጎመ በረከት ያገኛል። «ሼር ያድርጉ» የዚህ የመጨረሻው ክፍል ዘመድ ይመስለኛል፤ ይሄን የምለው ለቀልድ ብቻ አይደለም።

ገድልን ለመንቀፍ አልተነሳሁም። ገድል ሥራውን አሳምሮ የሚሠራ ድርሰት ነው። ሥራው ግን ሰውየው እንዴት እንደሆነ ማስረዳት ሳይሆን አስቀድሞ የተመረጠ መሆኑን መመስከር ነው። ጻድቅ ወደ ቅድስና በደረጃ አይወጣም፤ ከማኅፀን ጀምሮ እዚያው ነው። ይሄንን ቅርጽ አንስታችሁ ለምርጫ የተወዳደረ ጠበቃ ላይ ስትገጥሙት ሰውየው ይጠፋል። ጠበቃ ማለት እኮ ነገሩ ገና ያልተወሰነለት ሰው ማለት ነው። ሙያው ከሌላ ሰው ፊት ቆሞ ማስረዳት ነው፤ ዳኛው «አይ» ሊለው ይችላል። ገድል ውስጥ ደግሞ «አይ» የሚል ዳኛ የለም።

ጠበቆች በመካከላቸው የሚጠቀሙበት፣ እኛ ሥነ ጽሑፍ ወዳዶችም የምንጠቀምበት አንድ ቃል አለ፦ ጭብጥ። ፍርድ ቤት ክስና መልስ ከሰማ በኋላ ጭብጥ ይይዛል። ሁለቱ ወገኖች የሚለያዩበትን፣ መልስ የሚፈልገውን ጥያቄ ለይቶ ያወጣል ማለት ነው። የሚያከራክር ነገር ከሌለ ጭብጥ የለም። እኛ ስለ ልብ ወለድ ስናወራ «ጭብጡ ፍቅር ነው» እንላለንና ቃሉን አልሰልሰነዋል። የሕግ ሰዎቹ ትርጉም ይሻላል። በእነሱ ትርጉም ከሄድን ስለ ጆ ንጉሤ የተጻፉት የአማርኛ ጽሑፎች ጭብጥ የላቸውም፤ የሚያከራክር ነገር አልተውም።

እስቲ የተተወውን እንመልሰው። ሰውየው የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1984 ካሊፎርኒያ፣ ቤከርስፊልድ የምትባል ከተማ ነው። ስድስት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ ኮሎራዶ ሄደ። ቦልደር ከሚገኘው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በ2005 የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በ2009 የሕግ ዲግሪውን ያዘ። በዚህ መሀል ከጓደኞቹ ጋር ወጣቶችን ለመራጭነት የሚቀሰቅስ ድርጅት አቋቋመ። ገድሉ እዚህ ድረስ ይመጣና ዘሎ 2018 ላይ ያርፋል። እኔን የሚገርመኝ የተዘለለው አሥር ዓመት ነው።

በ2008፣ ገና የሕግ ተማሪ እያለ፣ በ24 ዓመቱ፣ ለዩኒቨርሲቲው የአስተዳዳሪዎች ቦርድ ተወዳደረ። ኮሎራዶ የዩኒቨርሲቲ ቦርዷን በሕዝብ ድምፅ ከሚመርጡ ጥቂት የአሜሪካ ግዛቶች አንዷ ናት። ዘጠኝ ሰዎች ለስድስት ስድስት ዓመት ይመረጣሉ፤ የዩኒቨርሲቲውን ፕሬዚዳንት የሚቀጥሩት፣ የትምህርት ክፍያውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። አስቡት፤ ክፍያውን የሚከፍለው ተማሪ ክፍያውን ከሚወስኑት አንዱ ሆነ። ስድስት ዓመት ስለ በጀት፣ ስለ ክፍያ፣ ስለ ሕንፃ ሲሰበሰብ ኖረ። ስለ ቦርድ ስብሰባ ገድል የሚጽፍ የለም። ፎቶም አይወጣውም።

ጎን ለጎን በጥብቅና ቢሮዎች ይሠራ ነበር። በ2014 ደግሞ ለኮሎራዶ «ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት» ተወዳደረ። ስሙ አያሳስታችሁ፤ በግዛት ደረጃ ይሄ ቢሮ ከውጭ ጉዳይ ጋር ምንም አያገናኘውም። ምርጫ የሚያስፈጽም፣ የንግድ ድርጅት የሚመዘግብ ቢሮ ነው። ጠበቃው የምርጫ ኃላፊ ለመሆን ሕዝቡን ድምፅ ጠየቀ፣ ሕዝቡም ተፎካካሪውን መረጠ። ተሸነፈ። በቃ። በማግሥቱ ማንም አልመጣበትም። በቀጣዩ ዓመት የግዛቱ ገዢ የቁጥጥር መሥሪያ ቤት ኃላፊ አድርጎ ሾመው፤ ከባንክና ከኢንሹራንስ ጀምሮ እስከ ፀጉር ሠሪዎች ፈቃድ ድረስ የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት ነው። በ2017 ለቀቀና ለኮንግረስ ተወዳደረ፤ መቀመጫው ባዶ የሆነው ያዡ ጃሬድ ፖሊስ ለገዢነት ለመወዳደር ስለተነሳ ነው። በኅዳር 2018 አሸነፈ። ከኮሎራዶ የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር የኮንግረስ አባል፣ በኮንግረስም የመጀመሪያው ትውልደ ኤርትራዊ ሆነ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ለእኔ ትልቁ ነገር 2014 ነው። ሽንፈቱ። «ታሪክ ሠራ» የሚለው ዓረፍተ ነገር የሚያርፈው ከሱ በላይ ነው፤ ይሄ ዓመት ከሥሩ ተጎትቶ ቢወጣ ታሪኩ ራሱ ይወድቃል። ተሸንፎ ወደ ሥራው መመለስ የሚችል ሰው ነው እንደገና የሚወዳደረው። የአማርኛው ጽሑፍ ሽንፈቱን የሚዘልለው ሰውየውን ለማክበር ብሎ ይመስለኛል። ግን የዘለለው ክብሩን ነው።

ጆ ንጉሤ ባሸነፈበት በ2018ቱ ምርጫ፣ በኔቫዳ ግዛት ምክር ቤት አሌክሳንደር አሰፋ የሚባል ትውልደ ኢትዮጵያዊም ተመርጦ ነበር። ጠበቃ አይደለም፤ ግን ገድሉ ተጽፎለታል፣ ያውም ሞቅ ተደርጎ። በ2020 መጀመሪያ ላይ ምርመራ ተከፍቶበት መቀመጫውን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ አድናቂ ገጾቹ ላይ ምን ተጻፈ? እኔ ያየሁት ዝምታ ነው። ገድል ለዚህ የሚሆን ቋንቋ የለውም። ወይ ጻድቅ ነህ ወይ የለህም።

አሁን ወደ ጽሑፉ፣ ማለቴ ጆ ንጉሤ ራሱ ወደ ተናገረው ልምጣ። ሒስ የምጽፍ ከሆነ ሰዎች ስለሱ ያሉትን ብቻ ሳይሆን እሱ ያለውንም ማየት አለብኝ።

የካቲት 9 ቀን 2021 በነሱ አቆጣጠር፣ በኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ የአሜሪካ ሴኔት ዶናልድ ትራምፕን ለሁለተኛ ጊዜ ለመዳኘት ተቀመጠ። ከአንድ ወር በፊት፣ ጥር 6፣ ሕዝብ ተሰብስቦ የምክር ቤቱን ሕንፃ ወርሯል። የተወካዮች ምክር ቤት ክሱን የሚያስረዱለት ዘጠኝ ከሳሾች መርጧል። ጆ ንጉሤ 36 ዓመቱ ነው፤ ከዘጠኙ አንዱ ሆኖ ቆመ። የመጀመሪያው ቀን ጭብጥ (ይኸው ቃላችን) አንድ ነበር፤ ሥልጣኑን የለቀቀ ፕሬዚዳንት በሴኔት ሊዳኝ ይችላል ወይ?

ንግግሩን ሁለት ሦስት ጊዜ አዳምጬዋለሁ። ጥሩ የሚያደርገው ምንድነው? ሕግ ከመጥቀሱ በፊት ታሪክ ይነግራል። በ1876 ዊልያም ቤልክናፕ የሚባል የጦር ሚኒስትር ጉቦ በመቀበል ተጠርጥሮ ምክር ቤቱ ሊከሰው ተሰበሰበ። ሚኒስትሩ ድምፅ ሊሰጥ ጥቂት ሲቀረው ወደ ፕሬዚዳንት ግራንት ሮጦ ሄዶ ሥልጣኑን ለቀቀ። ምክር ቤቱ ግን ከሰሰው፤ ሴኔቱም «ለቀሃልና አንዳኝህም» አላለም፣ ዳኘው። መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ስላልሞላ ነፃ ወጣ። ጆ ንጉሤ ይሄን ሲተርክ ድምፁን ከፍ አያደርግም። አድማጩ ራሱ «ታዲያ የአሁኑ በምን ይለያል?» እስኪል ይጠብቃል።

ይሄ ለኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የኛ አባቶች በአደባባይ ሲሟገቱ፣ በላ ልበልሃ ሲባባሉ፣ የሚያደርጉት ይሄንኑ ነበር። ኩታቸውን አደግድገው፣ በትር ይዘው፣ ማር ወይ በቅሎ አስይዘው፣ ነገራቸውን በተረትና በግጥም እያዋዙ ይከራከሩ ነበር። ጥሩ ተሟጋች ሕጉን በቀጥታ አይወረውርም፤ መጀመሪያ ሁሉም የሚስማማበትን ነገር ያስቀድምና ባላጋራው በዚያ ከተስማማ በኋላ መውጫውን ይዘጋበታል። ተጠየቅ የሚባለው ይሄ ነው። ልዩነቱ የኛዎቹ ውበቱን ያሳዩት ነበር። አድማጩ ለስንኙም ያጨበጭባል። ጆ ንጉሤ ውበቱን ይደብቀዋል፤ ተራ ወሬ የሚያወራ ይመስላል። እኔ የኛው ይበልጥብኛል፤ ለክርክር ግን የሱ ሳይሻል አይቀርም።

ውጤቱስ? 56 ለ44፣ መዳኘት ይቻላል ተባለ። ቁጥሩን ጠጋ ብላችሁ ስታዩት አንድ ነገር አለ። ከሁለት ሳምንት በፊት ተመሳሳይ ጥያቄ ቀርቦ ነበር፤ በሁለቱ መካከል ሐሳቡን የቀየረ አንድ ሴናተር ብቻ ነው፣ የሉዊዚያናው ሪፐብሊካን ቢል ካሲዲ። ምክንያቱን ሲጠየቅ ከሳሾቹ በደንብ ተዘጋጅተው እንደመጡ፣ የትራምፕ ጠበቆች ግን እንዳልተዘጋጁ ተናገረ። እንግዲህ ይሄ ነው የጠበቃ ቃል ክብደት፤ ከመቶ ሴናተር አንድ። ለትችት የሚመች ቁጥር ነው፣ «ያ ሁሉ ንግግር ለአንድ ሰው!» ማለት ይቻላል። እኔ ግን ያ አንድ ሰው አለመታሰሩ፣ ጠበቃውም አለመታሰሩ፣ ሁሉም ቤታቸው መግባታቸው ይበልጥ ይታየኛል።

በመጨረሻው ቀን ያደረገው ንግግር ከመጀመሪያው ይደክማል። ታላላቅ ስሞች ይበዙበታል፤ ሴኔቱን «ታሪክ ያያችኋል» ለማለት ይሞክራል፣ እንደዚያ ያለው ነገር ደግሞ ቶሎ ይጠወልጋል። አንድ ምሳሌው ግን እዚህ ኮልፌ ቁጭ ብዬ ስሰማው አስደነገጠኝ። በ1986 ፕሬዚዳንት ሬገን በደቡብ አፍሪካው አፓርታይድ ላይ የሚጣለውን ማዕቀብ ውድቅ ሲያደርግ፣ ይሄው ሴኔት ውሳኔውን ሽሮ ማዕቀቡን አጸደቀ፤ የራሱ የሬገን ፓርቲ ሰዎች ሳይቀሩ ከሱ ተቃርነው ድምፅ ሰጡ፤ በዚያን ጊዜ ድምፅ የሰጡ ሴናተሮች ዛሬም እዚሁ አዳራሽ ተቀምጠዋል፤ ያኔ የቻላችሁትን ዛሬስ? ነው ነገሩ።

ለምን አስደነገጠኝ? ያ ማዕቀብ ሲጸድቅ ኔልሰን ማንዴላ እስር ቤት ነበር፤ ከመታሰሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ደግሞ የነበረው እኛ ሰፈር ነው። የኮልፌ ልጅ ሁሉ ይሄን ያውቃል፣ የማያውቀውም ሲነገረው ያድጋል። ማንዴላ ጠበቃ ነበር። ከኦሊቨር ታምቦ ጋር በ1952 ጆሃንስበርግ ላይ የጥብቅና ቢሮ ከፍቷል። ፍርድ ቤትም፣ ሰላማዊ ሰልፍም፣ ቃልም አንድ በአንድ ሲዘጉበት በ1962፣ በኛ በ1954 ዓ.ም. ኮልፌ ወደሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ካምፕ መጣ። ጠመንጃ መተኮስ፣ ሞርታር፣ ፈንጂ፣ ስንቅና ትጥቅ ተሸክሞ ረጅም ጉዞ ተማረ። በግለ ታሪኩ ላይ አሠልጣኙን፣ እንዲሁም የጦር ትምህርት ያስተማሩትን ኮሎኔል ታደሰ ብሩን በስም ያነሳቸዋል። ሥልጠናው ስድስት ወር ሊቆይ ታስቦ ነበር፤ በስምንተኛው ሳምንት ተመለስ የሚል ቴሌግራም ደረሰው። ኮሎኔሉ ሽጉጥና ሁለት መቶ ጥይት ሰጥተው ሸኙት። ነሐሴ ሳይጋመስ ተያዘ። (የታደሰ ብሩ መጨረሻ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። በንጉሡ ዘመን ሞት ተፈረደባቸውና ቀረላቸው፤ ደርግ በ1967 ገደላቸው።)

ሰፈራችን ይሄን ታሪክ በኩራት ይተርካል፣ እኔም እኮራለሁ። ግን ስንተርከው እንደገና ገድል እናደርገዋለን፤ «ማንዴላን ያሠለጠንን እኛ ነን»። የሚያሳዝነው ጎኑ ይቀራል። ጠበቃ ወደ ኮልፌ የመጣው ችሎት ሳይሆን ሌላ ነገር ፍለጋ ነው። ቃል የሚሰማበት ቦታ ሲያጣ ነው የመጣው።

ይሄ ወደ ራሳችን ጠበቃ ያመጣኛል። የአሜሪካው መንገድ ከኛው ጋር ሲተያይ ከብርቱካን ሚደቅሳ የቀረበ ሰው አላውቅም። ሕግ ተማረች፣ ዳኛ ሆነች። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተከሰው ሲቀርቡላት በዋስ እንዲለቀቁ አዘዘች፤ ወዲያው ተመልሰው ታሰሩ። በኋላ ከዳኝነት ወጥታ ፖለቲካ ገባች፣ የቅንጅት ምክትል ሊቀ መንበር ሆነች። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ከሌሎቹ መሪዎች ጋር ታሰረች፣ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት፣ በ1999 ሐምሌ በሽማግሌዎች አማላጅነት በይቅርታ ወጣች። የአንድነት ፓርቲ መሪ ሆነች። ስዊድን ውስጥ ስለ ይቅርታው አሰጣጥ የተናገረችው ነገር «አስተባብዪ» አስባላት። በታኅሣሥ 2001፣ ተመልሳ ከመታሰሯ ጥቂት ቀናት በፊት፣ «ቃሌ» የሚል ጽሑፍ አወጣች።

«ቃሌ»ን ያላነበባችሁ ፈልጋችሁ አንብቡ፤ አጭር ነው። እኔ የማነበው እንደ ፖለቲካ መግለጫ ሳይሆን እንደ ጥሩ የአማርኛ ድርሰት ነው። ርዕሱ ራሱ ሁለት ፊት አለው፤ ቃሌ ማለት የሰጠሁት ተስፋ፣ ቃል ኪዳኔ ሊሆን ይችላል፤ ቃሌ ማለት ደግሞ ለፖሊስ፣ ለችሎት የሰጠሁት ቃል ነው። ጽሑፉ ሁለቱንም ነው። ፖሊስ ዘንድ ተጠርታ የሦስት ቀን ቀነ ገደብ እንደተሰጣት ትተርካለች፤ ይቅርታው እንዴት እንደመጣ፣ ሽማግሌዎቹ ምን ሚና እንደነበራቸው በቅደም ተከተል ታስቀምጣለች፤ ከዚያ ጥፋቷ ምን እንደሆነ ትጠይቃለች። የዳኛ እጅ ነው፦ ፍሬ ነገር፣ ጭብጥ፣ ትንተና። መደምደሚያዋም ብይን ይመስላል፤ ሰላማዊ ትግል የሚፈቀደው ሕገ መንግሥቱ እስካለው ድረስ ሳይሆን ገዢዎቹ እስከወሰኑለት ድረስ ነው ትላለች፤ ያንን ለመቀበል እንደሚከብዳትም።

ስሜት የሚቆሰቁስ ቃል የለም ማለት ይቻላል። እርግማን የለም፣ ስድብ የለም፣ ራስን ሰማዕት ማድረግም የለም። ይሄ ነው የሚያስጨንቀው። አንድ ሰው እንዲህ የሠከነ ክርክር የሚያዘጋጀው ከፊቱ ዳኛ ካለ ነው፤ እሷ ያዘጋጀችው ግን የሚዳኛት በሌለበት ነው። ሙግቱ ምሉዕ ነው፣ ችሎቱ የለም። የጆ ንጉሤ ንግግር አንድ ሴናተር አስቀየረ። «ቃሌ» ማንን አስቀየረ? ጸሐፊዋ ቃሊቲ ገባች፣ የዕድሜ ልክ ፍርዱ ተመለሰባት፣ የወጣችው በመስከረም 2003 ነው። ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ሳነብ፣ በጽሑፍነት የብርቱካን ይበልጣል ባይ ነኝ። የበለጠውም ሌላ መከታ ስላልነበረው ይመስለኛል፤ ሁሉንም ነገር ዓረፍተ ነገሩ ራሱ መሸከም ነበረበት። ይሄ ግን የምመኘው ዓይነት ብልጫ አይደለም። ደህና ጠበቃ መካከለኛ ንግግር አድርጎ ቤቱ የሚያድርበትን አገር እመርጣለሁ።

ከእስር በኋላ አሜሪካ ሄዳ ሃርቫርድ ተማረች። ጆ ንጉሤ ለኮንግረስ በተመረጠበት ወር፣ በዚያው በኅዳር 2018፣ ተመልሳ አዲስ አበባ ገባች፤ ወሩ ሳያልቅም የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነች። እሱ በ2014 ተወዳድሮ ያጣው ምርጫ የማስፈጸም ሥራ ለሷ በሹመት ደረሳት። እሱ በሴኔቱ ፊት ሲከራከር እሷ የሰኔ 2013ን ምርጫ ታሰናዳ ነበር። ጦርነት ላይ ባለ አገር። የሁለቱን ገጠመኝ አጋጣሚ ነው ብዬ ማለፍ እችላለሁ። ግን ገድል ጸሐፊዎቻችን ለሱ «ኩራታችን» እያሉ ሲጽፉ፣ እሷ ላይ በኮሜንት የሚወርደውን ሳነብ፣ የምንወደው ጠበቃ ሩቅ ያለውን ብቻ ይሆን? እላለሁ። ሩቅ ያለው አይወስንብንም። የቅርቡ ይወስናል፣ ስለዚህ እንጣላዋለን።

«ኩራታችን» ስላልኩ፣ «ችን» የምትለዋን ነገር ዝም ብዬ ባልፍ ሒሱ ጎደሎ ይሆናል። የጆ ንጉሤ ወላጆች ኤርትራውያን ናቸው። የተሰደዱት በደርግ ዘመን ነው፣ አስመራ ከአዲስ አበባ በምትገዛበት ጊዜ። «ወላጆቹ በስደት አሜሪካ ገቡ» የሚለው ዓረፍተ ነገራችን ከማን እንደተሰደዱ አይናገርም። ሰዋስዋዊ ብልጠት ነው፤ ስደት እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ከኛው መንግሥት ጦርነት የሸሹ ሰዎች ልጅ ሲከብር «የኛ» ማለት ይቻላል ወይ? እኔ ይቻላል እላለሁ፣ ግን ዓረፍተ ነገሩ ከተሟላ ብቻ። «ከኛ የሸሹ ሰዎች ልጅ» ብሎ ጀምሮ «የኛ» ላይ የደረሰ ጽሑፍ ባገኝ በደስታ ሼር አደርገዋለሁ። እስካሁን አላገኘሁም። እሱ ራሱ በየመድረኩ የስደተኞች ልጅ መሆኑን ይናገራል፣ ኤርትራን በስሟ ይጠራታል። «ሐበሻው» ብለን ያጠፋፋነው እኛ ነን።

እዚህ ሰፈር ከአጠና ተራ እስከ ዓለም ባንክ ድረስ ሕግ የተመረቀ ሞልቷል። የማውቃቸውን ብቻ ብቆጥር ሁለቱ የባንክ ነገረ ፈጅ ናቸው፣ አንዷ ረዳት ጠበቃ ናት፣ አንዱ ፈቃድ ይጠብቃል፣ አንዱ ራይድ ይነዳል። ሁሉም ያወራሉ፣ ይከራከራሉ፤ ቅዳሜ ቡና ላይ በላ ልበልሃ ማለት የቀረው በትሩ ብቻ ነው። «ለምን አትወዳደሩም?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው ይስቃሉ። የሚስቁት ፈሪ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ለምን ይወዳደራሉ? በአሜሪካ ከተወካዮች ምክር ቤት አባላት ሲሶ ያህሉ፣ ከሴኔቱ ግማሽ ያህሉ የሕግ ምሩቅ ነው። ብዙዎቹ እዚያ የደረሱት ከትምህርት ቤት ቦርድ፣ ከከተማ ምክር ቤት፣ ከግዛት ምክር ቤት ተነስተው ነው። ተሸንፈው የተመለሱባቸው፣ እንደገና የወጡባቸው ትንንሽ ደረጃዎች አሉ። የኛ ሕግም በወረቀት ላይ ትንሹን ደረጃ ያውቀዋል፤ የወረዳ ምክር ቤት አለ። የወረዳ ምርጫ በሚያዝያ 2005 ተካሄደ። ለ2010 የታሰበው ተራዘመ። በ2013 ለፓርላማና ለከተማው ምክር ቤት ድምፅ ስንሰጥ ወረዳው አልነበረበትም። እኔ ለመምረጥ ዕድሜዬ ከደረሰ ወዲህ የወረዳዬን ተመራጭ መርጬ አላውቅም፤ ያ ራይድ የሚነዳው ጓደኛችንም ለወረዳ ተወዳድሮ የመሸነፍ ዕድል አላገኘም።

ባለፈው ሳምንት በግሩፓችን ያንን ፎቶ እንደገና ለጠፈው። ጥቁር ሱፍ፣ ባንዲራ፣ «ሐበሻው»። ሥሩ የጻፍኩለት አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «በ2014 ተሸንፎ ነበር እኮ»። «ውሸት!» ብሎ መለሰልኝ።